ዘይትዎ ነፃ ወጥቷል

ውድ እማማ፣

ደህና ነዎት ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ። በደወልኩ ቁጥር ወንድ ልጅዎ መምህሩ ስልኩን ያነሳና «ተኝተዋል» ይለኛል። ጠዋት ተኝተዋል፣ ቀትር ላይ ተኝተዋል፣ አመሻሽ ላይም ተኝተዋል። ባለፈው እሑድማ እሱ ገና ሃሎ ከማለቱ ከኋላው እርስዎ «አልነቃችም በለው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። በእንቅልፋቸው እንዲህ ጥርት አድርገው የሚያዙ ሰው ጤናቸው አያሳስብም። ስለዚህ ስልኩን ትቼ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤ መቼም ተኝተዋል ተብሎ አይመለስም፤ ሲነቁ ይነበባል።

ዓይንዎ ደቃቅ ጽሑፍ ስለሚያስቸግረው የሚያነብልዎት እሱ እንደሚሆን አውቃለሁ። እንግዲህ አንተ መምህሩ፣ አደራህን፣ ያለውን እንዳለ አንብብ። የፊደል ስህተት ካገኘህ በልብህ አርመው። የሚያስቅህ ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርስ አትሳቅ። የምለምንበት ቦታም አለ፤ እዚያ ስትደርስ ድምፅህን ዝግ አድርግ፣ ካስፈለገም ጉሮሮህን ጥረግ።

ጉዳዬን ላስቀድም፤ እማማ፣ ይመለሱልኝ። ልጅዎ፣ ሚስቴ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። የምታወራው ከድመቷ ጋር ነበር። «ሰውየው በሩን ሳይዘጋ ወጣ አይደል?» ትላታለች። ድመቷ ዝም። «የሰው እናት ለሚያባርር ሰው በር መዝጋት ምኑ ነው» ትላታለች። ድመቷ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች። በዚህ ቤት ስለ ትዳሬ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ሆና ነበር። ሳህኔን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥልኝ እንኳ የምታስቀምጠው ለሆነ ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ በአጋጣሚ እዚያ ተቀምጬ እገኝ ነበር።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል። ግን የሚያውቁት ከወጥ ቤቱ መስኮት ወዲያ ሆነው ያዩትን ነው። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ወዲህ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣራው ሥር የቀለም መርጫዬን ይዤ ያየሁትን ልንገርዎት። በመካከላችን የነበረው አንድ መስኮት ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔው ቸነከርኩት።

ልጅዎን ያገባሁ ጊዜ እርስዎ የተመኙት ቢሮ የሚገባ፣ የሸሚዙ ኪስ ላይ እስክሪብቶ የሚሰካ አማች እንደነበር አውቃለሁ። የእኔ ሸሚዝ ላይ ያለው ቀለም ከእስክሪብቶ የመጣ አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። እውነት ይነገር ከተባለ ግን አንድም ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ይሄን ያህል ጊዜ ሰው የቀባሁለትን መኪና ሲወስድ እጄን እየጨበጠ ሲያመሰግነኝ፣ እኔ በልቤ ምነው እርስዎ ባዩኝ እያልኩ ነበር የምቆመው። ይህን ለማንም ነግሬው አላውቅም።

እናም የባለቤትዎን የጋሼን መኪና በጭነት መኪና አስጭነው ግቢያችን ያስገቧት ዕለት የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሼ ካረፉ ወዲህ ሸራ አልብሰው ሰው እንዳይነካት የከለከሏት መኪና! መምህሩ እንኳ ሸራዋን ገለጥ አድርጎ በማየቱ ተቆጥተውታል። ለእኔ አምጥተው «እሱ እያለ እንደነበረችው አድርግልኝ» ሲሉኝ መኪናዋን አንዴ ዞሬ አየኋት። «ቀለሟ ውኃ ሰማያዊ ነው አይደል?» አልኩ። ውኃ ሰማያዊ መሆኑን እኮ ጭነቱን ያራገፉት ሰዎች ሳይቀሩ እያዩት ነበር።

ሥራው እስኪያልቅ እኛ ጋ እንዲቀመጡ ተስማማን። ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን ምሳ ላይ እርስዎ ትክ ብለው መላጣውን ጭንቅላቴን አዩትና «አንተ ልጅ፣ ራስህ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተላላጠ እኮ» አሉኝ።

እስቲ ይፍረዱ፣ ለቀለም ቀቢ እንዲህ ይባላል? ቀኑን ሙሉ የሰው ዝገት ስፍቅ፣ የሰው ጭረት ስደፍን የምውል ሰው የራሴ ጣራ ተላልጦ መቀመጡ ታወቀብኝ። ልጅዎ ሳቀች። ድመቷ ያኔ ገና ገለልተኛ ነበረች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ጥርስ ላይ የቀረ ነበር። ያን ቀን ማታ መድኃኒት ፈለግኩለት። አገኘሁም። በየማለዳው እርስዎ ሳይነሱ በመዳፌ አድርጌ እቀባና በጨርቅ እወለውለዋለሁ። ጥቂት ቀን ቆይተው ደጅ ላይ አገኙኝና «አሁን ደህና ሆንክ፣ አበራህ» አሉኝ።

እማማ፣ ያን ቀን አውሮፕላን ጎትተው ቢያመጡልኝ ብቻዬን ቀብቼ እመልሰው ነበር። መድኃኒቱ ምን እንደነበረ ቆይቼ እነግርዎታለሁ። አሁን ብነግርዎት መምህሩ ማንበቡን መቀጠል ያቅተዋል።

አሁን ስለ ጠብታ ትንሽ ልንገርዎት፤ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እሷ ላይ ነው። አንድ ቀን በመስኮት «ያ ጭስ አያፍንህም?» ብለውኝ ነበር። ከመርጫው አፍ የሚወጣው ጭስ ይመስላል እንጂ ጭስ አይደለም፤ እልፍ አእላፍ የቀለም ጠብታ ነው። ቀለም መርጨት ማለት ጠብታ ወርውሮ በደህና ማሳረፍ ነው። ላሜራው ንጹሕ ከሆነ ጠብታዋ ስታርፍ ጠፍጠፍ ብላ ትዘረጋለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትያያዛለች፣ ሁሉም አንድ ገጽ ሆነው ያርፋሉ። መርጫውን በጣም ካስጠጋኸው ተጠራቅመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ካራቅከው መንገድ ላይ ይደርቁና ሲነኩት እንደ አሸዋ ይሻክራል። ላሜራው ላይ ቅባት ካለ ደግሞ ጠብታዋ መዘርጋት ትጠላለች። ቤቱ ያልተመቸው እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ እንደሚቀመጠው ወደ ጠርዝ ትሸሻለች፣ መሃሉን ባዶ ትተወዋለች። ያን ክብ ባዶ ቦታ እኛ ቀለም ቀቢዎች «ዓይን» እንለዋለን። አንድ ዓይን ካየህ ያን ሁሉ ሥራ መልሰህ ትፍቃለህ።

ቅባት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አብዛኛውን ከመርጨትህ በፊት በቲነር ጠርገህ ታስለቅቀዋለህ። የማይለቅ አንድ አለ፣ ሲሊኮን የሚባለው። እሱን ብትጠርገው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይሄድም። ለዚህ ነው በሬ ላይ «ሲሊኮን ያለበት ማወልወያ ይዞ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ የጻፍኩት። ጎረቤቴ ጎሚስታው አንድ ቀን የዳሽቦርድ ማወልወያ ጣሳ ይዞ፣ ጎማ እየነፋ ያገኘውን ወሬ ሊነግረኝ ቢገባ ጣሳውን ከእጁ ነጥቄ ወረስኩት። ወሬውን ሳይነግረኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኝ ከረመ።

እንግዲህ የጋሼን መኪና ፍቄ፣ የጎረጎደውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ጠርጌ፣ የመጀመሪያውን ቀለም ረጨሁ። በጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ባያት ኩፍኝ የወጣባት ሕፃን መስላለች። ኮፈኗ ላይ ዓይን፣ በሯ ላይ ዓይን፣ ጣራዋ ላይ ዓይን። እርስዎ ሳያዩ ሸራ አለበስኳት። ፍቄ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። እንደገና ፋቅኩ። እርስዎ በመስኮት «ገና ነው?» ይሉኛል፤ እኔ «ልትደርስ ነው» እላለሁ። ላቤ ይንቆረቆራል።

ለሦስተኛ ጊዜ ዓይኖቹ ሲያዩኝ ቀና አልኩ። እርስዎ ከመስኮቱ ወዲያ ድንች ይጠብሱ ነበር። ዘይቱ ይንጣጣል፣ ጭሱ በመስኮቱ ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ ይመጣል። በልቤ አገኘሁት አልኩ። ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ዓይኑ ሩቅ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው ፊቴ ይሞቀኛል። መዶሻና ጣውላ ይዤ መጣሁ። እርስዎ ከውስጥ ድንቹን እያገላበጡ፣ እኔ ከውጭ መስኮቱን እየቸነከርኩ። በመጨረሻዋ ክፍተት ፊትዎን አየሁት፤ ጭልፋውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል። «እማማ፣ ዘይትዎ የጋሼን መኪና ገደላት» አልኩና የቀረችውን ሚስማር መታኋት።

ምድጃውን አጥፍተው ወጡ። እጅዎን በሽርጥዎ ጠረጉ። ድምፅዎን ከፍ አላደረጉም፤ ምነው ከፍ ባደረጉት።

«ያቺ መኪና በምን እንደተገዛች ታውቃለህ?» አሉኝ። «በድንች ጥብስ። እሱ ነዳት እንጂ፣ ምድጃ ፊት ቆሜ የገዛኋት እኔ ነኝ።»

አላውቅም ነበር እማማ። ትምህርት ቤት በር ላይ ያን ሁሉ ዓመት ድንች እየጠበሱ ልጅ እንዳሳደጉ ሰምቻለሁ፤ መኪናዋም ከዚያው መጥበሻ እንደወጣች ግን የነገረኝ የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሁላችንም «የጋሼ መኪና» ነው የምንላት። እርስዎም ጭምር እንዲያ ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። ልብስዎን አጣጥፈው፣ መኪናዋን ትተው በአውቶቡስ ሄዱ። ልጅዎ መናኸሪያ ሸኝታዎት ስትመለስ እኔን አልፋ ሄዳ ድመቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከድመቷ ጋር ማውራት የጀመረችው ከዚያን ቀን ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚያውቁት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ተኝተው ስለነበር አልሰሙትም።

እልኸኛ ነኝ። ቢያንስ መኪናዋ ታምር፣ እውነቱ የእኔ መሆኑ ይታወቅ ብዬ ፍቄ ረጨኋት። መስኮቱ ታሽጓል። ቤቱ ውስጥ ምድጃ የሚያነድ ሰው የለም፤ ልጅዎ ለድመቷ ደረቅ ምግብ፣ ለእኔ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ማቅረብ ጀምራለች። በጠዋት ሸራውን ገለጥኩ። ዓይኖቹ ከበፊቱ በዝተው፣ ጎልተው ጠበቁኝ።

ያኔ እንደ መጸጸት መች ልቤ መለስ አለ! ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። ኮምፕሬሰሩ ዘይት እየተፋ ነው ብዬ ፈታታሁት፤ ጤነኛ ነው። ቲነር ሻጩ ጋ ሄጄ ቀላቅለህበታል ብዬ ተጣላሁ፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ሱቁን ይዘጋል። ጎሚስታው ቂም ይዞ አጥሩን ተንጠራርቶ የሆነ ነገር ይረጭብኛል ብዬ አጥሩን በፕላስቲክ ከፍ አደረግኩት። ድመቷንም ሳይቀር ጠረጠርኩ፣ ፀጉሯን እያሻሸሁ አሸተትኩ። ልጅዎ ለድመቷ «ቀጥሎ የሚቸነክረው አንቺን ነው» አለቻት።

አንድ ቀን ደረቅ ዳቦው ሲበቃኝ ለራሴ እንቁላል ልጠብስ ተነሳሁ። መጥበሻውን እሳት ላይ ጥጄ ረሳሁት፤ ፍም መሰለ። እጄን ታጥቤ ስመለስ ውኃ ጠብ አለበት። ተቃጥላ ትጠፋለች ስል ጠብታዋ ክብ ሆና መጥበሻው ላይ ወዲያ ወዲህ መሮጥ ጀመረች። ሌላ ጠብ አደረግኩ፤ ሁለቱ ተሯሯጡ፣ ተጋጩ፣ አንድ ሆኑ። እሳቱን ቀነስ አድርጌ ጠብ ባደርግ ደግሞ ጠብታዋ ጮኻ እዚያው ጠፋች። ለካስ መጥበሻው ከልክ በላይ ሲግል ጠብታዋ ብረቱን አትነካውም፤ ከሥሯ በሚወጣው እንፋሎት ላይ ተቀምጣ ትንሸራተታለች። እርስዎ ሺህ ጊዜ አይተውት ይሆናል። እኔ ወጥ ቤት የምገባው ለመብላት ስለነበር አይቼው አላውቅም። እንቁላሉን ረስቼ ውኃ ስረጭ ቆየሁ። ልጅዎ በር ላይ ቆማ አየችኝና «አበደ» አለች። ድመቷም የተስማማች መሰለኝ።

እዚያ ቆሜ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ውኃው ያው የአንድ ባልዲ ውኃ ነው። መዝለል ይሁን መዘርጋት ይሁን መሮጥ፣ የሚወስነው የምታርፍበት ነገር ነው። ታዲያ እኔ ቀለሙን፣ ቲነሩን፣ አየሩን፣ የሰውን ዘይት ስከስ ላሜራውን ጠይቄው አላውቅም።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቁርጥራጭ ላሜራ ደረደርኩ። የዓይን መድኃኒት ጠብታ ብልቃጥ አጥቤ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት። በቲነር የተጠረገው ላሜራ ላይ ጠብ ሳደርግ ውኃው ሰፋ ብሎ ተዘረጋ፤ ንጹሕ ማለት ይህ ነው። ከዚያ፣ እማማ፣ ምድጃውን ጓሮ አውጥቼ ድንች ጠበስኩ። ሌላውን ላሜራ ከመጥበሻው በላይ በሽቦ አንጠልጥዬ ጭሱን አጠጣሁት። ድንቹ ግማሹ ከሰል፣ ግማሹ ጥሬ ሆነ። ጎሚስታው ከፍ ባለው አጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ምሳ ነው ወይስ ምርመራ ብሎ ጠየቀኝ። 

ጭስ በጠጣው ላሜራ ላይ ጠብ አደረግኩ። ጠብታዋ አልተዘረጋችም፤ ጉብ ብላ ተቀመጠች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። እርስዎ ጥፋተኛ እንዲሆኑልኝ ይሄን ያህል እፈልግ ነበር። ደስታዬ ግን አልቆየም። ማንኛውንም መኪና ከመርጨቴ በፊት እንደማደርገው ላሜራውን በቲነር ጠረግ አድርጌ ደግሜ ጠብ ባደርግበት፣ ውኃው ሰፋ ብሎ ተዘረጋ፤ ከንጹሑ አይለይም። ደጋግሜ አየሁት። ዘይትዎ አንድ ጊዜ ሲጠረግ ይለቃል። የእርስዎ ጭስ የትኛውም መኪና ላይ ዓይን አላወጣም፣ ሊያወጣም አይችልም።

እዚያው ፀሐይ ላይ ቁጢጥ አልኩ። አፈርኩ እማማ። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥቂት ቆይቼ ተነሳሁና ያን ንጹሑን ላሜራ ለማመሳከር ያህል ጎንበስ ብዬ እንደገና ጠብ አደረግኩበት። ውኃው አልተዘረጋም። ዶቃ ሆኖ ተቀመጠ። ጠረግኩት፣ ደገምኩት፤ አሁንም ዶቃ። ቅድም የተዘረጋበት ያው ላሜራ፣ ያው ቲነር፣ ያው ብልቃጥ። ጭንቅላቴን ያዝኩ። ልጅዎ ገመዱ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ከአንሶላው ጀርባ ቆማ ስታየኝ ቆይታለች።

«የሚንጠባጠበው እኮ ካንተ ነው» አለች።

ድመቷ በአካባቢው አልነበረችም። የተናገረችው ለእኔ ነበር።

ምኑ አልኳት። ላብህ አለችኝ፤ ጎንበስ ባልክ ቁጥር ከግንባርህ ጠብ ይላል፣ አንተ ደግሞ በእጅጌህ ታሸዋለህ። መጣችና ጣቷን አናቴ ላይ ሰደድ አድርጋ አዲስ ላሜራ ላይ አሸችው። ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ጠብታዋ ድቡልቡል ሆና ተቀመጠች። ልጅዎ ላሜራውን ጋደል አደረገችው፤ ጠብታዋ ምንም ሳታስቀር ተንከባላ ወደቀች።

«ምንድን ነው የምትቀባው?» አለችኝ።

እንግዲህ መምህሩ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ፣ ደርሰናል። የምቀባው የዳሽቦርድ ማወልወያ ነበር። ከጎሚስታው ነጥቄ የወረስኩት። ያ በሬ ላይ በትልቁ ጽፌ የከለከልኩት ሲሊኮን። ሰውን ሁሉ በር ላይ ፈትሼ ነው የማስገባው፤ የራሴን ጭንቅላት ግን የሥራ ቦታው አካል አድርጌ አስቤው አላውቅም። ጣሳው ላይ ደግሞ «ለደረቀና ለተሰነጣጠቀ ገጽ፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል» ይላል። ምን ላድርግ? ያነበብኩት ስለ እኔ የተጻፈ መስሎኝ ነው።

ጣሳውን አምጥቼ ሳሳያት ልጅዎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጎሚስታው ጣሳውን በአጥር አይቶ «የእኔ አይደለም እንዴ?» እያለ ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ልጅዎ እንባዋን ጠረገች።

«እናቴ ተላጠ ስላለችህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እንዲያ ከሆነ ለኔ ሳይሆን ለሷ ንገራት።»

እነሆ እየነገርኩዎት ነው። እማማ፣ እርስዎ «አበራህ» ያሉኝ ቀን በዚህ ቤት አማች ከሆንኩ ወዲህ ከአፍዎ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነበር። እሱን እንዳላጣ ብዬ ማለዳ ማለዳ እየተነሳሁ ቀባሁት። ያገኘሁትን ምስጋና ስጠብቅ የሰጡኝን አደራ አበላሸሁ፤ ያበላሸሁትን ደግሞ በእርስዎ አመካኘሁ። ያሳደገንን፣ አዎ እኔንም ጭምር፣ ልጅዎን ሰጥቶኛልና፣ ያን ምድጃ ጠላት አድርጌ ቸነከርኩበት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። መምህሩ፣ ይቺን ደግመህ አንብባት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ራሴን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በልብስ ሳሙና፣ በሙቅ ውኃ አጠብኩ። ልጅዎ በየማለዳው ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና በብልቃጡ አናቴ ላይ ጠብ ታደርጋለች። መጀመሪያ ጠብታዋ አንገቴ ውስጥ ተንከባላ ትገባ ነበር። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት እዚያው ተዘረጋች። ልጅዎ ንጹሕ ነህ አለችኝ፤ የሠርጋችን ቀንም እንዲያ አላለችኝም። ግቢውን ከላይ እስከ ታች አጠብኩት፣ የለበስኩትን ቱታ አቃጠልኩት፣ ራሴን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ሥራ ገባሁ። ራሴ እንደገና ተላልጧል። ሲመጡ የፈለጉትን ይበሉት፣ አልቀየምም።

ሚስማሮቹንም ነቅያለሁ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀዳዳቸው ቀርቷል፤ በስቱኮ ልድፈነው ስል ልጅዎ ተወው፣ ይታይ አለችኝ።

መኪናዋን ረጨኋት። በሮቿ፣ ጣራዋ፣ ፓራፋንጎዋ፣ የኋላዋ ሁሉ ውኃ ሰማያዊ ሆኗል። አንድም ዓይን የለባትም። ጎሚስታው ታርቀናልና ጠዋት ጠዋት እየገባ ፀጉሩን በሯ ላይ እያየ ያበጥራል። ኮፈኗን ግን አልነካሁትም። ተለስልሶ፣ ተጠርጎ፣ ግራጫውን ሆኖ ተቀምጧል። የምረጨው እርስዎ ወጥ ቤት ገብተው፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ድንቹ እየተጠበሰ፣ ዘይቱ እየተንጣጣ፣ ጭሱ በቀጥታ እኔ ላይ እየመጣ ነው። ያለዚያ አልረጨውም። ልጅዎ «ባትመጣስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ግራጫ ሆኖ ይቀራል አልኳት፤ መኪናዋ የምትሄድበት ሁሉ እንዲያው ሆና ትሂድ፣ ሰው ይጠይቅ፣ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ያደረግኩትን እናገራለሁ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ቅዳሜ ካልሆነ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜም እዚያው ነኝ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሊያናግሩኝ ካልፈለጉ ድመቷን ይዣት እመጣለሁ፤ ለሷ ይንገሯት።

ትናንት ጎሚስታው ፀጉሩን አበጥሮ ሲጨርስ ወደ ኮፈኑ እያየ «ይቺን የጋሼን መኪና ለምን አትጨርሳትም?» አለኝ። መርጫዬን ወዲያ አድርጌ፣ እሱን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና የማን መኪና እንደሆነች ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

አክባሪ አማችዎ